አንድ ቃል በሁለት ቤት

በቅኔ ቤት የዋለ ሰው «አንቀጽ» በግእዝ በር እንደ ሆነ ያውቃል፤ በሰዋስው ግን ግሥ ነው። «ሰዋስው» ራሱ መሰላል ማለት ነው። «ቤት»ም በቅኔ የሚያድሩበት አይደለም። መምህራን ግን ተማሪውን በዚህ ሲደናገር አይተዉትም፤ ቃሉ በዚህ ትምህርት ምን እንደሚባል አስቀድመው ይነግሩታል።

ይህን ያነሣሁት ስለ እኅቴ ልጅ ነው። ያደገው በአዋሽ ሰባት ኪሎ ነው። (አዋሽ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ «በውኃ የተጥለቀለቀ» የሚል ቃል ይሆናል፤ ወንዙ ግን ባሕር ሳያይ በአቤ ሐይቅ ይቀራል።) ዛሬ በሰመራ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ትምህርት ይማራል፤ ባለፈው ዓመት ልጠይቀው ወርጄ ደብተሩን አሳየኝ።

ለኮምፒዩተር ትእዛዝ የሚጻፍባቸው ቋንቋዎች፥ በ1972 እ.ኤ.አ. የተሠራው ሲ፥ በ1991 የወጣው ፓይተን፥ ቃላቸውን ከእንግሊዝኛ ተውሰዋል፤ ትርጓሜውን ግን እንዳለ አልወሰዱም። «ኋይል» በእንግሊዞች አፍ «ሳለ» እንደ ማለት ነው። አንድን ሰው «ፀሐይ ሳለች ከአዋሽ ውኃ አመላልስ» ቢሉት፥ ወደ ወንዙ ሲሄድ ብትጠልቅበት ባዶ ጀሪካኑን ይዞ ይመለሳል። ኮምፒዩተር ግን ፀሐይን የሚያያት ከመነሻው ሲቆም ብቻ ነው፤ በመንገድ ብትጠልቅ አያውቅም፤ በጨለማ ሄዶ ቀድቶ፥ ዙሩን ጨርሶ፥ ያን ጊዜ ቀና ብሎ ያያል። «ኦር»ም «ወይም» ነው፤ ሻይ ወይም ቡና የተባለ እንግዳ አንዱን ይመርጣል፤ በኮምፒዩተር ዘንድ ግን ሁለቱም ቢገኙ እውነት ነው። በፓይተንማ «ኤልስ»፥ ማለት «አለዚያ»፥ ከዙር በኋላ ሲመጣ ዙሩ ሳይቋረጥ በደኅና ሲፈጸም የሚሠራ ሆነ! ይህን ስም ያወጣው ሰው ቅኔ ቤት ቢሆን ኖሮ መምህሩ «ተቀመጥ» ይሉት ነበር።

የእኅቴ ልጅ አፉን የፈታው በአማርኛ፥ ጓደኛው በአፋርኛ ነው፤ እንግሊዝኛ ለአንዱ ሁለተኛ፥ ለሌላው ሦስተኛ ቋንቋ ነው። ቃሉን በመዝገበ ቃላት ይፈልጋሉ፤ የገበያውን ትርጓሜ ያገኛሉ፤ ፕሮግራሙ እንደዚያ አልሠራ ሲል «ይህ ትምህርት ለእኛ አልተሠራም» ይላሉ። እኔን ያሳዘነኝ ይህ ነው። የጓደኛው ልጅማ ትምህርቱን ትቶ ወደ አገሩ ሊመለስ አስቦ ነበር።

ገጹን በመስመር ለሁለት ክፈሉ፤ በአንዱ ወገን ቃሉ በገበያ፥ በሌላው በኮምፒዩተር ቤት የሚባለውን ጻፉ አልኋቸው። የእኅቴ ልጅ ወዲያው አሰመረ። የአፋሩ ልጅ ግን ጥቂት አሰበና ሁለት መስመር አሰመረ፤ በሦስተኛው ወገን በአፋርኛ መጻፍ ዠመረ።