ባዶ ጣሳ

ጭሮ ገበያ ማሽላ የምትሰፍር ሴት ፊት መቆም ደስ ይለኛል። ጣሳዋን ጆንያው ውስጥ ሰድዳ ታወጣለች፤ አፉን በመዳፏ አትጠርገውም፤ ፍሬው ጉልላት ሠርቶ በጠርዙ እስኪረግፍ ትጨምርበታለች። «አንድ» ብላ ትገለብጣለች። «ሁለት»። መጨረሻ ላይ በእፍኟ ምራቂ ጣል ታደርጋለች። ማሽላው ከጉድጓድ የወጣ ከሆነ ሽታው ይናገራል፤ የሐረርጌ ገበሬ እህሉን መሬት ቆፍሮ የማኖር ልማድ አለውና።

እዚሁ ከተማ ሒሳብ አስተምር ነበር። አንድ ቀን ማካፈልን ስንከልስ ከኋላ የምትቀመጥ ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ስድስት ለዜሮ ሲካፈል ኢንፊኒቲ ነው አይደል?» ደወሉ ሊደወል ነበር። «አንዲፋይንድ ነው፤ እንዲሁ ያዙት» ብዬ ወጣሁ። «እንዲሁ ያዙት» ለመምህር ነውር ነው። ያ መልስ አብሮኝ ዋለ፣ አብሮኝ አደረ።

የገላገለችኝ ሰፋሪዋ ናት። ማካፈል መስፈር ነው። ስድስት ኪሎ ማሽላ ሁለት ኪሎ በሚይዝ ዕቃ ሦስት ጊዜ ይወጣል። ዕቃው ባነሰ ቁጥር ድካሙ ይበዛል፦ በግማሽ ኪሎ 12 ጊዜ፣ በመቶ ግራም 60፣ በአንድ ግራም 6,000። ፍሬ በፍሬ እንልቀም ብንልስ? አንድ ሺህ የማሽላ ፍሬ ሠላሳ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ስለዚህ ስድስት ኪሎው ወደ 200,000 ፍሬ ነው፤ አንዱ ኩንታል ደግሞ ከሦስት ሚሊዮን ይበልጣል። ከሂርና፣ ከበዴሳና ከገለምሶ የሚሰበሰበውን አስቡት።

ይህን ሁለት መቶ ሺህ በግዕዝ አኃዝ ፳፼ ብለን በሁለት ምልክት እንጽፈዋለን፤ ሃያ እልፍ። ግዕዝ የዜሮ ምልክት የለውም። ለአሥር ፲፣ ለመቶ ፻፣ ለእልፍ ፼ ስላለው ባዶ ቦታ የሚጠብቅለት አኃዝ አላስፈለገውም። ምልክቶቹ ከግሪክ ፊደል የመጡ ናቸው፤ ግሪኮችም ስም የሰጡት ትልቁ ቁጥር ይኸው እልፍ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት አርኪሜዲስ ለንጉሥ ጌሎን ሲጽፍ እልፍ ጊዜ እልፍን፣ የእኛን ፼፼ ማለት ነው፣ እንደ አዲስ መነሻ ወስዶ ደረጃ በደረጃ ወጣ። ዓለም በሙሉ በአሸዋ ቢሞላ እንኳ ፍሬው ዛሬ 1 ብለን 63 ዜሮ ከምናስከትልለት ቁጥር አይበልጥም አለ። ይህን ሁሉ ያለ ዜሮ! ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል። ሆኖም ያም ቁጥር አንድ ይጨመርበታል፤ ከአንዲት ጣሳ ማሽላ ይልቅ ወደ ኢንፊኒቲ የቀረበ አይደለም።

አሁን መስፈሪያው ዜሮ ይሁን። ባዶ እጅ ጆንያው ውስጥ ገብቶ ባዶውን ይወጣል። ሺህ ጊዜ፣ እልፍ ጊዜ። ማለቂያ የሌለው ጊዜ ብንል እንኳ ከጆንያው አንዲት ፍሬ አልወጣችም። የልጅቷ ኢንፊኒቲ እዚህ ላይ ይወድቃል፤ ጆንያውን ባዶ የሚያደርግ ቁጥር ከቶ የለም። በዚህ የተፈተኑ ታላላቆች አሉ። ህንዳዊው ብራህማጉፕታ እ.ኤ.አ. በ628 ዜሮ ለዜሮ ሲካፈል ዜሮ ነው ብሎ ጻፈ። በአሥራ ሁለተኛው መቶ ዓመት የተነሣው ባስካራ ደግሞ በዜሮ የተካፈለ ቁጥር ወሰን የለሽ ይሆናል አለ፤ ቢጨምሩበትም ቢቀንሱለትም እንደማይለወጥ አምላክ። ንጽጽሩ ያምራል፤ ለሒሳቡ ግን አይበቃም።

በሳምንቱ ማሽላና ጣሳ ይዤ ክፍል ገባሁ። ልጅቷን ጠርቼ አሰፈርኳት፤ ቀጥሎ በባዶ እጇ። ጆንያው ባለበት ነው። ከዚያ ማሽላውን ገልብጬ ባዶውን ጆንያ ሰጠኋት፤ ዜሮ ለዜሮ። «ስንት ጊዜ ብትሰፍሪ ያልቃል?» ከፊት «አምስት!» አሉ፤ ከመስኮቱ በኩል «መቶ!»፤ አንዱ «ምንም!» አለ። የትኛውንም ተሳስተሃል ማለት አልቻልኩም። ብራህማጉፕታ ከነዚህ አንዱን መርጦ ነበር።

እሷ ግን አልጨረሰችም። «ቲቸር፣ መስፈሪያው ከዜሮ በታች ቢሆንስ?»

ጠመኔ አነሣሁ። አካፋዩ 1 ሲሆን 6፤ 0.001 ሲሆን 6,000። በዕዳው በኩል −1 ሲሆን −6፤ −0.001 ሲሆን −6,000። የቀኙ መስመር ከሚኤሶ ቆላ ወደ ጭሮ እንደሚወጣው መንገድ ሽቅብ ተሰቀለ፤ የግራው ቁልቁል ተወረወረ። ሁለቱም ወደ ዜሮ እየቀረቡ ነው፤ እርስ በርስ ግን እየተራራቁ። ልጅቷ ጠመኔውን ከእጄ ተቀበለችና በመካከላቸው አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሠመረች፤ ከሰሌዳው ግርጌ እስከ አናቱ፣ በእግር ጣቶቿ ቆማ።