ሎሚው ሽታውን ይሸፍናል እንጂ ቀዳዳውን አይደፍንም

ዛሬ ከጓዳና ከማጀት ወጣ ብለን ወደ ጋራዥ እናመራለን። «መኪና የወንዶች ጉዳይ ነው» ብላችሁ ገጹን እንዳታልፉት አደራ እላለሁ። ልጅ አቅፈን ከኋላ ወንበር የምንቀመጠው እኛ ነን፤ ስለዚህ በመኪናው ውስጥ የምንተነፍሰው አየር የእኛም ጉዳይ ነው።

ብዙዎቻችን ልጅ ይዘን መንገድ ስንወጣ ከቦርሳችን ሎሚ አይጠፋም። ልጁን ሲያቅለሸልሸው ሎሚ እናሸተዋለን፣ መስኮት እናስከፍታለን፣ «መንገድ አይስማማውም» እንላለን። በእርግጥ መንገድ የማይስማማው ልጅ አለ። መኪናው ውስጥ ቤንዚን የሚሸት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ይህን ጉዳይ በቅርብ የተረዳሁት ወረታ በምትኖረው ታላቅ እህቴ ቤት ነው። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ወደ ደብረ ታቦር የሚታጠፈው መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። በዙሪያዋ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ የርብና የጉማራ ወንዞች የሚያልፉበት፣ ክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ በጋ ደግሞ ፀሐይ የሚበረታበት የሩዝ አገር ነው። ሩዙ ከተወቃ በኋላ ገለባው በየግቢው ይከመራል። የእህቴ ቤተሰብ ያረጀች አነስተኛ የቤንዚን አውቶሞቢልም የምትቆመው ከገለባው ክምር አጠገብ፣ ከማዕድ ቤቱ በር አምስት እርምጃ ያህል ርቃ ነበር።

ባለፈው በጋ ልጠይቃቸው ስሄድ የእህቴ ትንሿ ልጅ መኪናዋ ውስጥ በገባች ቁጥር ራሷን ያማት፣ ያስመልሳትም ነበር። እኔም ከኋላ ስቀመጥ ቤንዚን ሸተተኝ። ሽታው ጠዋት ቀለል ይላል፤ ከቀትር በኋላና ነዳጅ በተሞላ ጊዜ ይብሳል። የእህቴ ባለቤት ግን «ከሥሯ የሚንጠባጠብ ነገር የለም፤ የሞተሩ መብራትም አልበራም፤ ደኅና ናት» አሉ። ብዙ ሰው የሚለውም ይህንኑ ነው።

ይሁን እንጂ ቤንዚን የሚያመልጠው በጠብታ ብቻ አይደለም፤ በትነትም ያመልጣል። ሰልባትዮው በፀሐይ ሲሞቅ ቤንዚኑ እየተነነ መውጫ ይፈልጋል። ቀደም ባለው ጊዜ ይህ ትነት በቀጥታ ወደ አየር ይለቀቅ ነበር። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1971 ሞዴል ጀምሮ በመላ አገሪቱ የሚሸጡ አዳዲስ አውቶሞቢሎች ትነቱን እንዲይዙ አስገደደች፤ አሠራሩም ወደ ሌሎች አገሮች ተስፋፋ። ትነቱ በቱቦ አድርጎ ከሰል ወደ ተሞላ ሳጥን ይሄዳል። ከሰል ሽታ እንደሚስብ ሁሉ የሳጥኑ ከሰልም ትነቱን ስቦ ያቆየዋል። ሞተሩ ሲሠራ አንዲት ትንሽ ቫልቭ ትከፈትና ትነቱ ወደ ሞተሩ ተስቦ ይቃጠላል። በዚህ ዘዴ ሊባክን የነበረው ነዳጅ ሥራ ላይ ይውላል። ታዲያ ከነዳጁ ክዳን አንሥቶ እስከ ቫልቩ ድረስ መንገዱ ሁሉ የተደፈነ መሆን አለበት። አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ቀዳዳ እንኳ ሥራውን ያበላሸዋል።

እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩት መኪኖች ላይ ኮምፒዩተሩ ይህን መንገድ ራሱ እየፈተሸ ቀዳዳ ሲያገኝ ቢጫውን የሞተር መብራት ያበራል። መካኒኩም በመመርመሪያው «ፒ 0442» የሚል ምልክት ካነበበ ትንሽ ማፍሰሻ እንዳለ ያውቃል። ለሌላ አገር ገበያ የተሠሩት ብዙዎቹ ግን እንዲህ ያለውን ቀዳዳ አይፈልጉም። ስለዚህ መብራቱ ስላልበራ ብቻ «ደኅና ናት» ማለት አይቻልም። በእነዚህ መኪኖች ላይ የመጀመሪያው መመርመሪያ የራሳችን አፍንጫ ነው።

አደጋው ምንድን ነው ትሉኝ ይሆናል። በቤንዚን ውስጥ ቤንዚን የተባለ ሳይሆን «ቤንዝን» የሚሉት ንጥረ ነገር አለ፤ ለረጅም ጊዜ ሲተነፈስ የደም ካንሰር እንደሚያስከትል ተረጋግጧል። የቤንዚን ትነት ራስ ምታትና ማቅለሽለሽም ያመጣል። ከዚህም በላይ ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት እየተሳበ እሳት ካለበት ሊደርስ ይችላል። ያን ዕለት ቡና ሲፈላ ዓይኔ ከከሰል ምድጃው ወደ መኪናዋ፣ ከመኪናዋ ወደ ምድጃው ይመላለስ ነበር። ቡናው ሳይቀዳ መኪናዋ ተገፍታ ከግቢው ማዶ እንድትቆም ተደረገ። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይኸው ነው።

ቀጥሎ እህቴ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰደቻት። እዚያ ያገኘችው ሰው ወደ መኪናዋ ሥር ጎንበስ ሳይል «የከሰል ሳጥኑ ተበላሽቷል፤ ሙሉው ይቀየር» ብሎ ከወር ደመወዟ የሚበልጥ ዋጋ ጠራ። እህቴ «በምን አወቅህ?» ስትለው በቂ መልስ አልነበረውም። እሷም መኪናዋን ይዛ ባሕር ዳር ወደሚገኝ ሌላ ጋራዥ ሄደች።

የሁለተኛው መካኒክ አሠራር ለሁላችንም ትምህርት ይሆናል። ምርመራውን ከቀላሉና ከርካሹ ጀመረ። መጀመሪያ የነዳጁን ክዳን ከፍቶ የጎማ ቀለበቱ እንዳልተሰነጠቀ አየ። ቀጥሎ በባትሪ እያበራ ቱቦዎቹንና ማሰሪያዎቻቸውን በዓይኑና በእጁ ፈተሸ። ዓይን ያላገኘውን ለማግኘት ደግሞ በመጨረሻ ጭስ ተጠቀመ።

እናቶች ይህን ዘዴ ታውቁታላችሁ። የጠላ ጋን በወይራ ስናጥን ጋኑ ስንጥቅ ካለበት ጭሱ በስንጥቁ ሾልኮ ይታያል። ይህም እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ ፍም አለመኖሩ ነው። ቤንዚን ባለበት እሳት አይቀርብም። ጭሱን የሚያወጣው ለዚሁ የተሠራ መሣሪያ ነው፤ የሚገፋውም በጣም በዝቅተኛ ግፊት ነው። የጎማ መንፊያ ኮምፕረሰር በቀጥታ ቢገጠም ግን ሰልባትዮውን ሊያበላሽ ይችላል።

ጭሱ ከሰልባትዮው በላይ ካለ ቱቦ እንደ ክር ቀጥኖ ወጣ። ቱቦው ላይ የአይጥ ጥርስ ምልክት ነበር። ገለባው ውስጥ የሠፈረች አይጥ በልታዋለች ማለት ነው። የተቀየረው አንድ ክንድ የማይሞላ ቱቦ ነው፤ ሳጥኑ ምንም አልሆነም ነበር። ልጅቷም ከዚያ ወዲህ ራሴን አመመኝ አላለችም።

እንግዲህ እህቶቼ፣ ነዳጅ ስታስቀዱ መቅጃው ራሱ ሲያቆም «እስከ አፉ ሙላው» አትበሉ። ወረፋው ረጅም እንደሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን የተረፈው ቤንዚን ወደ ከሰል ሳጥኑ ገብቶ ያበላሸዋል። ክዳኑ እስኪንቋቋ ድረስ ይጠበቅ። መኪናችሁ ነዳጅ በተሞላ ቁጥር ለመነሣት የምታስቸግር ከሆነ ቫልቩ ክፍት ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል አስመርምሩ። መካኒክ ዕቃ ይቀየር ሲላችሁ «ቀዳዳው የት ነው? አሳየኝ» በሉት።

የራሳችሁ መኪና የሌላችሁም ዝም አትበሉ። በሚኒባስ ውስጥ ቤንዚን ሲሸታችሁ «ወንድሜ፣ ቤንዚን ይሸታል፤ አስመርምረው» ብሎ መናገር ነውር አይደለም። ከእግራችሁ ሥር በጀሪካን ቤንዚን ከተጫነም ልጃችሁን ይዛችሁ አትሳፈሩ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ቢከለከልም፣ ቀደም ብለው የገቡት ገና ለብዙ ዓመት ልጆቻችንን ያመላልሳሉ። ቱቦዎቻቸውም እያረጁ ይሄዳሉ። ሎሚው በቦርሳችን ይኑር፤ አፍንጫችንን ግን እንመነው።

ቸር ሰንብቱ።