ድምፅ የሌለው ዶሮ

ትኬቱ የኔ አልነበረም። የሥራ ባልደረባዬ ልጁ ታሞበት ሰጠኝ። «ድምፅ አልባ አስፈሪ ፊልም ነው፤ ሙዚቃውን እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው የሚጫወቱት» አለኝ። የመቶ ዓመት ፊልም ምን ያስፈራኛል? ቢሆንም ሄድኩ። እውነቱን ልንገራችሁና፣ ያን ሳምንት ማታ ማታ ቤት ውስጥ ብቻዬን መቀመጥ ፈርቼ ነበር። ለምን እንደፈራሁ እመለስበታለሁ።

ቦታው በርሊን፣ ባቢሎን ሲኒማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 የተከፈተ አዳራሽ ሲሆን ከዚያ ዘመን ጀምሮ ያለ የራሱ ኦርጋን አለው። ፊልሙ «ኖስፌራቱ» ነው። ሙርናው ያዘጋጀው፣ እ.ኤ.አ. በ1922 እዚሁ በርሊን የታየ። ኦርሎክ የሚባል ራሰ በራ፣ ጥፍረ ረጅም ባላባት ቀን ቀን ሬሳ ሣጥን ውስጥ ይተኛል፤ ማታ ማታ ተነሥቶ የሰው ደም ይጠጣል። ታሪኩ ከብራም ስቶከር «ድራኩላ» ያለ ፈቃድ የተወሰደ ስለነበር የደራሲው ባለቤት ጉዳዩን ፍርድ ቤት አደረሰችው፤ እ.ኤ.አ. በ1925 ቅጂዎቹ በሙሉ እንዲጠፉ ተወሰነ። ጥቂቶቹ አመለጡ። ሃንስ ኤርድማን የደረሰለት ሙዚቃ ግን አብዛኛው ጠፍቷል። ስለዚህ ምስሉ አለ፣ ድምፁ የለም። ፊልሙን የሚያጅብ ሙዚቀኛ ሁሉ የየራሱን ይፈጥራል።

እኔ የሶፍትዌር ሠራተኛ ነኝ። ቪዲዮ በኢንተርኔት የሚያሠራጭ ክፍል ውስጥ ስለሆንኩ ዋናው ራስ ምታቴ ድምፅና ምስልን እኩል ማድረስ ነው። ድምፁ ከምስሉ በ45 ሚሊሰከንድ ገደማ ከቀደመ ሰው ይነቃብናል። ከዘገየ ግን እስከ 125 ሚሊሰከንድ ገደማ ልብ ላይለው ይችላል። አይገርምም፤ በተፈጥሮም ድምፅ ከብርሃን በኋላ ነው የሚደርሰው። መብረቁን አይተን ነው ነጎድጓዱን የምንሰማው። ጆሯችን ዘግይቶ የመጣን ይምራል፤ ቀድሞ የመጣን ግን አይምርም።

ስለዚህ መጀመሪያ አካባቢ የማየው ፊልሙን ሳይሆን ኦርጋን ተጫዋቿን ነበር። አንገቷን ወደ ሸራው ቀና አድርጋለች፤ እጇን አታየውም። ሰዓት የለ፣ የሚቆጥርላት ማሽን የለ። ያን ጊዜ ካሜራው በእጅ ስለሚዞር የፊልሙ ፍጥነት እንኳ ወጥ አልነበረም። በሰከንድ 24 ምስል የሚለው ደንብ የጸናው ድምፅ ከገባ በኋላ ነው፤ ፍጥነቱ ሲዋዥቅ ድምፁ ይቀጥናል፣ ይወፍራል። እሷ ግን ምስሉ ሲቸኩል ትቸኩላለች፣ ሲያመነታ ታመነታለች። በልቤ «ይሄ ሲስተም እንዴት አይወድቅም?» እላለሁ።

ከዚያ የኦርሎክ ጥላ ደረጃውን መውጣት ጀመረ። ያችን ትዕይንት ፊልሙን ያላያችሁትም ሳታውቋት አትቀሩም፤ የጎበጠ ጥላ፣ የተዘረጉ ጣቶች። ኦርጋኑ ሲያንባርቅ ለመስማት ወንበሬን ጨበጥ አደረግሁ። ሴትዮዋ እጇን አነሣች። ዝም። ምራቄን ስውጥ ራሴን ሰማሁት።

አዲስ አበባ ሲኒማ የገባ ጊዜ ሕዝቡ ያወጣለት ስም «የሰይጣን ቤት» ነው። ልጅ ሆኜ ይሄን ስሰማ ያስቀኝ ነበር። እዚያ ጨለማ ውስጥ ግን አላሳቀኝም። ኦርሎክን የሠራው ማክስ ሽሬክ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው፤ ይኸው ፊቴ ደረጃ ይወጣል። የሞተ ሰው የሚያንቀሳቅስ ቤት ሌላ ምን ይባል?

አሁን ወደ ፍርሃቴ ልመለስ።

አባቴ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው። ከእሱ የቀሩኝ ሁለት ፋይሎች ናቸው። አንዱ የ11 ሰከንድ የድምፅ መልእክት ነው፦ «ልጄ፣ ሥራ ላይ ነህ መሰለኝ። ሲመችህ ደውል።» ሌላው የእህቴ ሠርግ ቪዲዮ ነው፤ 1997 ዓ.ም.፣ አዳማ። አባቴ ዳሱ ውስጥ ቆሞ ሙሽሮቹን ሲመርቅ 40 ሰከንድ ያህል ይታያል። ካሴቱ ወደ ፋይል ሲገለበጥ ግን የመጣው ምስሉ ብቻ ነው። ካሴቱን ስንፈልገው ሻጋታ በልቶት ተጥሏል። አባቴ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ምንም አይሰማም።

መሐንዲስ ነኝ፤ የተበላሸ ነገር ሳይ እጄን ይበላኛል። ያን ሳምንት 11ዷን ሰከንድ ድምፅ ለሚያስመስል ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሰጠሁት። ምርቃቱን ራሴ ጻፍኩ፤ ውለዱ፣ ክበዱ፣ እንደ አብርሃም እንደ ሣራ ያድርጋችሁ። ሦስት ሌሊት ከከንፈሩ ጋር ሳገጣጥም አደርኩ። በመጨረሻ ሠራ።

ድምፁ የአባቴ ነው። ግን ጉሮሮውን አልጠረገም። አልተሳሳተም። የጻፍኩለትን ሁሉ አንድ በአንድ አለልኝ። አባቴ በሕይወቱ አንድም ቀን እኔ ያልኩትን ሁሉ ብሎ አያውቅም። ላፕቶፑን ዘጋሁት፤ ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ክፍሉ ውስጥ ሰው ያለ ይመስለኝ ጀመር።

ፊልሙ መጨረሻ ላይ ኤለን የምትባለው ሴት ኦርሎክን እስኪነጋ አጠገቧ ታቆየዋለች። ሸራው ላይ ዶሮ ሲጮኽ ይታያል፤ ንጋቱ ይይዘውና ጢስ ሆኖ ይጠፋል። ኦርጋኑ የዶሮ ጩኸት ይሠራል ብዬ ጠበቅሁ። አልሠራም፤ አንድ ዝቅ ያለ ድምፅ ብቻ ይዞ ቆየ። እኔ ግን ዶሮውን ሰማሁት። ከግቢያችን አጥር ኋላ የነበረው የጎረቤት ዶሮ ነው፤ መጨረሻው ላይ ድምፁ የሚሰነጠቀው። ሃያ ዓመት ሙሉ አስታውሼው የማላውቀው ዶሮ።

ሴትዮዋ ምሽቱን ሙሉ ማንንም አላስመሰለችም። በሟቾቹ አፍ አልተናገረችም። አጠገባቸው ቁጭ ብላ አየቻቸው፤ ያየችውንም ነገረችን። እኔ ግን ያን ሁሉ ሌሊት ያሳለፍኩት በአባቴ አፍ ስናገር ነበር።

እሑድ እናቴ ጋ ደወልኩ። ዋናውን ቪዲዮ፣ ድምፅ የሌለውን፣ ላክሁላትና «እማዬ፣ እያየሽ ንገሪኝ» አልኳት።

«ምኑን?»

«የምታይውን።»

ኔትወርኩ ደካማ ስለነበር ድምፇ ሁለት ሦስት ሰከንድ እየዘገየ ነው የሚደርሰኝ። ሥራ ላይ ቢሆን ቡድናችን ተኝቶ አያድርም። «አየህ ይቺን ጋቢ? አጎትህ ናቸው ያለበሱት... አሁን ጉሮሮውን ጠረገ... ‹ልጆቼ› አለ... ይኸው፣ ‹ውለዱ፣ ክበዱ›...» አለችና ዝም አለች።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምን አለ? አልጨረሰውም እኮ። እንባው መጣበት። አሁን አፉ ሲንቀሳቀስ የምታየው ‹ጢሱ ነው፣ ጢሱ ነው› እያለ ነው። ምን ጢስ አለ ዳስ ውስጥ!» ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ተቀየረ። እኔም ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት።

እኔ የሠራሁት አባቴ ምርቃቱን አሳምሮ ጨርሶት ነበር።

ያንን ፋይል አጠፋሁት። ለማጥፋት ግን አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ ቀላል ነበር አልልም። የእናቴን ትረካ መቅረጽ ደግሞ ረሳሁ። ትዝ ሲለኝ ተናደድኩ፤ ሙያዬ ሆኖ! በሚቀጥለው እሑድ እንቅረጸው ብዬ ደግሜ ደወልኩ። ቪዲዮውን ከፈተችና «ቆይ፣ እዚህ ጋ ከኋላው የቆመችውን ሴትዮ ታውቃታለህ?» አለች። ባለፈው ስለሷ አንድም ነገር አላነሣችም ነበር።

መቅረጫውን ሳልነካ «አላውቃትም፤ ማን ናት?» አልኳት።