ቦታዋ ላይ የነበረችው ባትሪ

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አበው። እኔ ይህን ተረት ለፈተና ሸምድጄው እንጂ ገብቶኝ አያውቅም ነበር። የገባኝ ባለፈው ዓመት ከአለም ጤና ከተማ አለፍ ብሎ፣ አስፋልት ዳር፣ በጨለማ ነው።

አባዬ አሮጌ ቶዮታ ፒክአፕ አለው። ከመቂና ከባቱ (ዝዋይ) አካባቢ ቲማቲምና ሽንኩርት እየጫነ አዳማ ያራግፋል። ከሞጆ ወደ ደቡብ የሚወስድ የፍጥነት መንገድ ቢከፈትም እሱ ከየገበሬው ማሳ ስለሚጭን አሮጌውን መንገድ አይለቅም። ከወንበሩ ጀርባ ሦስት ነገሮች አይጠፉም፤ ክሪክ፣ የጎማ መፍቻና ቻርጅ የምትደረግ የእጅ ባትሪ። «ሌሊት ስኮርታ ጎማ ያለ ባትሪ ግማሽ ጎማ ነው» ይላል።

ታዲያ በሚድ ፈተና ሰሞን ሰፈራችን ሦስት ቀን መብራት ጠፋ። እኔም ቤት ሆኜ ስለማጠና ባትሪዋን ከመኪናው አውጥቼ ሦስቱንም ሌሊት አነበብኩባት። ፈተናው ሲያልቅ ወደ ቦታዋ መለስኳት። ቻርጅ ማድረጉ ትዝም አላለኝ። መመለሴ ራሱ እንደ ጨዋነት ታይቶኝ ነበር እኮ!

በሳምንቱ ቅዳሜ፣ ስለ ሽንኩርት ገበሬዎች ለክፍል የምጽፈው ዘገባ ስለነበረኝ ከአባዬ ጋር መቂ ወረድኩ። ቀኑን ሙሉ በሞባይሌ ቃለ መጠይቅ ስቀዳ ዋልኩ። ስንመለስ መሽቶ ነበር። አለም ጤናን እንዳለፍን የኋላው ጎማ ፈነዳ። አባዬ ወደ ዳር ቢያስጠጋም ጠርዙ ጠባብ ስለነበር የመኪናው ግማሽ ጎን አስፋልቱ ላይ ቀረ። ከኋላ ፍሬቻዎቹም የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው።

«ባትሪዋን አምጪ» አለኝ። አመጣሁና ተጫንኳት። ቀላ አለችና ድርግም አለች።

የእኔ ሞባይል ከሞተ ቆይቷል። የአባዬ ባለ ቁልፍ ሞባይል ትንሽ መብራት ብትኖራትም የቀራት አንድ መስመር ቻርጅ ነው፤ ለመደወል ያለችን ደግሞ እሷ ብቻ ነበረች። አባዬ እየዳበሰ ቅርንጫፍ ሰበረና ከኋላችን መንገዱ ላይ ጣለ። በአገራችን የቆመ መኪና እንዳለ የሚነገረው በቅጠል አይደል? ግን ቅጠልን በጨለማ ማን ያየዋል? ሰው «አልቃይዳ» እያለ የሚጠራው አይሱዙ እየከነፈ መጣ። ቅርንጫፉ ላይ ሲደርስ ነው ያየን። ጡሩምባውን እየነፋ በስንዝር አለፈን። አባዬ ጎማው ሥር ተንበርክኮ ነበር። ጉልበቴ ከዳኝ።

ያዳነን አንድ ጋሪ የሚነዳ ልጅ ነው። ጋሪው መብራት የለውም፤ ልጁ ግን አንገቱ ላይ በገመድ ያንጠለጠላት ትንሽ የቻይና ባትሪ ነበረችው። ሳንጠይቀው ፈረሱን አቁሞ ወደ ኋላችን ሄደና ለሚመጣው መኪና ሁሉ ያወዛውዛት ጀመር። አባዬም በሚያልፉት መኪኖች ብርሃን ብሎኑን እየፈለገ ጎማውን ቀየረ። ሲጨርስ «ገለቶሚ» ብሎ ቲማቲም ሊሞላለት ቢል፣ ልጁ ሁለት ፍሬ ብቻ አንስቶ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ዝም ተባባልን። ቆቃ ስንደርስ አልቻልኩም፤ ሁሉንም ነገርኩት። የሚቆጣኝ መስሎኝ ነበር።

«ባትመልሻት ይሻል ነበር» አለኝ። «ቦታዋ ባዶ ቢሆን ኖሮ ሌላ እገዛ ነበር። ጠዋት አየኋት፤ አለች ብዬ ወጣሁ።»

ሌላ ቃል አልጨመረም። ቁጣው በቀለለኝ።

ሰኞ ዕለት አዳማ ውስጥ ወደሚሠራ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ወሰድኳት። ሲከፍታት ውስጧ ያለው እንደ መኪናው ባትሪ እርሳስና አሲድ ነው። እንዲህ ዓይነቷ ማንም ሳይነካት ብትቀመጥ እንኳ ቀስ በቀስ ትደክማለች። ባዶዋን ከቆየች ደግሞ እርሳሱ ላይ ሰልፌት ይጋገርና ቻርጅ አልይዝም ትላለች። ባለ ሊቲየሞቹ ቻርጃቸውን ረዘም ላለ ጊዜ ይይዛሉ፤ ሙቀት ግን ጠላታቸው ነው። የአዳማን ፀሐይ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መስታወቱ ሥር ዳሽቦርድ ላይ የምትተው ባትሪ ቶሎ ታረጃለች።

አሁን ባለ ሊቲየም ገዝተን ከወንበር ሥር፣ ጥላ ቦታ አስቀምጠናል። የሚያንጸባርቅ ሦስት ማዕዘን ምልክትም ጨምረናል፤ ፍሬቻውም ተሠርቷል። ባትሪዋ የእኔ ኃላፊነት ናት። ዘወትር እሑድ ማታ ቻርጅ አደርጋታለሁ። ብልጭ አድርጌ ብቻ አልተዋትም፤ የደከመ ባትሪ ለአፍታ ደምቆ ያታልላልና አምስት ደቂቃ አብርቼ አያታለሁ። አባዬም ከመውጣቱ በፊት ራሱ ያበራታል። አላመነኝም ብዬ አልከፋም፤ እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው።

እኔ የምማረው ጋዜጠኛ ለመሆን ነው። መቅረጸ ድምፅ ይዞ መውጣትና የሚሠራ መቅረጸ ድምፅ ይዞ መውጣት ለየቅል መሆናቸውን ከክፍል በፊት ያስተማረችኝ ያቺ ሌሊት ናት።

ውድ አንባብያን፣ እናንተም ቤት ወይም መኪና ውስጥ «አለች» ብላችሁ የተዋችኋት ባትሪ ካለች ዛሬውኑ አውጥታችሁ አብሯት። የተዋሳችኋት ከሆነች ደግሞ ሞልታችሁ መልሷት፤ ካልሞላችሁ ቢያንስ ባዶ መሆኗን ተናገሩ። ቸር ይግጠመን።