ግማሽ ሳንቲም

ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ 2.5ን አጠጋጋ ብለው ቢያዙት 2 ይላል። 3.5ን አጠጋጋ ቢሉት ግን 4 ይላል። ይህን ባለማወቄ አንድ ሽማግሌ አስቀይሜአለሁ።

ሽማግሌው የሰፈራችን የቁጠባና ብድር ማኅበር ሒሳብ ያዥ ነበሩ። የአባላቱን ወለድ በሰማያዊ ቀለም፣ በትልቅ መዝገብ ላይ፣ በእጃቸው ሲያሰሉ ዓመታት አሳልፈዋል። እኔ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይህንኑ ሥራ የሚሠራ ፕሮግራም ጻፍኩላቸው። ጻፍኩባቸው ማለት ሳይሻል አይቀርም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ መዝገቡን ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ ያንተ ከእኔ በሰባት ሳንቲም ያንሳል» አሉኝ።

መዝገቡን እንኳ ሳልገልጥ፣ «ጋሼ፣ ማሽን አይሳሳትም፤ ደክሞዎት ይሆናል» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። መዝገቡን ዘግተው ሄዱ።

ሰባት ሳንቲም ዛሬ ምን ይገዛል? ምንም። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝና ልዩነቱን መፈለግ ያዝኩ። ሰባት አባላት፣ ለእያንዳንዳቸው አንዲት ሳንቲም። የሰባቱም ወለድ ልክ በግማሽ ሳንቲም የሚያልቅ ነበር፤ 412.5፣ 860.5… እሳቸው ትምህርት ቤት እንደተማርነው ግማሹን ሁሉ ወደ ላይ ያነሣሉ። የቀድሞው ፓይተንም እንደ እሳቸው ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከወጣው ከሦስተኛው እትም ወዲህ ግን፣ ቁጥሩ እኩል መካከል ላይ ሲውል ለሁለት እኩል ወደሚከፈለው ጎረቤቱ ይሄዳል። ምክንያትም አለው፤ ሺህ ግማሾች ሁሉም ወደ ላይ ቢነሡ ድምሩ በአምስት መቶ ያብጣል። አንዱ ሲወጣ ሌላው ከወረደ ስሕተቶቹ እርስ በርሳቸው ይቻቻላሉ።

ይበልጥ ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። 2.675ን ከነጥብ በኋላ በሁለት አሐዝ አጠጋጋ ቢሉት 2.67 ይላል። እዚህ ላይ ደንቡ ጥፋት የለበትም። በ0 እና በ1 ብቻ የሚጽፍ ማሽን 2.675ን በትክክል መያዝ ስለማይችል፣ የሚያስቀምጠው 2.67499999999999982… ነው። ግማሽ የመሰለን ከመነሻውም ግማሽ አልሞላም። እኔ ደግሞ አይሳሳትም ብዬ የማልኩት በዚህ ነው!

ሰኞ ጠዋት፣ «ዴሲማል» በተባለው የቋንቋው ክፍል ግማሹን ሁሉ ወደ ላይ እንዲያነሣ አዝዤ፣ አዲሱን ወረቀት ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። መልስ ሳይሰጡ ከመዝገባቸው ጋር መስመር በመስመር አስተያዩት። ከዚያም ጣታቸውን በአንዱ ስም ላይ አሳርፈው፦

«ይቺ አራት ብር ከአሥራ ሁለት ሳንቲም ተኩል የማን እንደሆነች ታውቃለህ?»

አላውቅም ነበር።

«ጉሊት የምትሸጠዋ ናት። መጥታ እፊቴ ነው የምትቆጥረው» አሉኝ።