ሦስተኛ የዐቃቤ ሕግ ምስክር

ከአዲስ አበባ መቱ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጅማ አድርጎ፣ በደሌን አልፎ፣ ያዮንና ሁሩሙን ተሻግሮ የሚደርስ አውቶቡስ ተሳፋሪውን ሲያራግፍ እግሩ የደነዘዘ፣ ወገቡም የራሱ ያልሆነ ሰው ነው የሚያወርደው። እኔ ይህን መንገድ በ2006 ዓ.ም. በአራት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ። የመጀመሪያውን የሄድኩት መቱ የምትኖረውን አክስቴን ለመጠየቅ ነበር። ሁለቱን ግን የሄድኩት ፍርድ ቤት በመጥሪያ ስለፈለገኝ ነው። ተከስሼ አይደለም፤ ምስክር ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መስከረም ላይ፣ ከመቱ ብዙም በማትርቅ፣ ስሟን በማልጠራት አንዲት የወረዳ ከተማ ማር ልገዛ ሄጄ ነበር። ቀኑ የገበያ ቀን ነው። ከሻይ ቤት በር ላይ ቆሜ መመለሻ ሚኒባስ እጠብቃለሁ። ከመንገዱ ማዶ ሁለት ገበሬዎች ይነታረካሉ። በኋላ እንደሰማሁት የአጎት ልጆች ናቸው፤ ጠባቸውም በሁለቱ ማሳ ወሰን ላይ በበቀለ ቡና ነው። አንደኛው ዱላውን ከፍ አድርጎ አነሣ። በዚህ መካከል ጆንያ የጫነ አይሱዙ በፊቴ አለፈ። መኪናው ሲያልፍ ሁለተኛው ሰው ከቦዩ ጠርዝ፣ ከድንጋዩ አጠገብ ወድቋል፤ ከግንባሩ ደም ይወርዳል። ያየሁት ይኸው ነው።

የፈረምኩት ግን ይህን አይደለም።

ቃሌን የተቀበለኝ ወጣት ፖሊስ አማርኛ አሳምሮ ይናገራል። የሚጽፈው ግን በኦሮምኛ ነው፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነውና። እኔ በአማርኛ ተናገርኩ፣ እሱ በኦሮምኛ ጻፈ፣ ከዚያም በአማርኛ እየመለሰ አነበበልኝ። ቃሌ ሄዶ ሲመለስ፣ «ዱላውን አንሥቶ ነበር፣ ከዚያ ሰውየውን ወድቆ አየሁት» ያልኩት «በዱላ መትቶ ሲጥለው አይቻለሁ» ሆኖ መጣ። ሰምቻለሁ፤ አልሰማሁም ብል ውሸት ነው። ዳሩ ግን ሚኒባሱ ጥሩምባውን ይነፋል፤ ደግሞም ዱላ ያነሣ ሰው ሊመታበት ካልሆነ ለምን ያነሣዋል? ፈረምኩና ማሬን ይዤ ሄድኩ።

የዚያች ቃል ክብደት የገባኝ ቆይቶ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 556 ቀላል የአካል ጉዳት ሁለት መልክ አለው። አንደኛው የተበዳዩ አቤቱታ ሲኖር ብቻ የሚያስቀጣ ነው፤ ቅጣቱም ከአንድ ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው። በመሣሪያ ወይም ጉዳት ማድረስ በሚችል ሌላ ነገር የተፈጸመ ሲሆን ግን ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ያሳስራል። የመጀመሪያው ዓይነት ጠብ በእርቅ ያልቃል። ሁለተኛው ባላጋራዎቹ ተቃቅፈው ቢላቀሱም መንግሥት የያዘው ክስ ነው። በሁለቱ መካከል የቆመው አንድ ዱላ ነው፤ ዱላው አረፈ ያልኩት ደግሞ እኔ።

በወረቀት ላይ ሲታይ የወንጀል ክስ መንገዱ የቀና ነው። የተያዘ ሰው፣ ለመንገድ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይቆጠር፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ይህን ይላል። ምርመራው ካላለቀ ፖሊስ ጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል፤ በ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም። መዝገቡ ሲያልቅ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል፤ ዐቃቤ ሕጉ በ15 ቀን ክሱን ያዘጋጃል። ክሱ ይነበባል፤ ተከሳሹ ካመነ ያልቃል፣ ከካደ ምስክር ይጠራል። ነፍስ ግድያን የመሰለ ከባድ ጉዳይ ከሆነ የወረዳው ዳኛ ቀዳሚ ምርመራ አድርጎ ወደ ላይ ይልከዋል፤ የኛ ግን የግንባር ቁስል ስለሆነ እዚያው ወረዳው ይዞታል። እስከ «ምስክር ይጠራ» ድረስ ያለውን ወረቀት በወረቀት እየገፉ ይደርሱበታል። ከዚያ ወዲያ ክሱ የሚሄደው በምስክር እግር ነው።

ተከሳሹ በዋስ እንዲወጣ 3,000 ብር እንዲያስይዝ ታዞ ነበር። መስከረምና ጥቅምት ላይ ግን የኢሉባቦር ገበሬ ገንዘቡ ገና አረንጓዴ ሆኖ ዛፍ ላይ ነው። ስለዚህ ታሰረ።

የጥቅምቱን መጥሪያ በአክስቴ ስልክ ሰማሁት። የምጨርሰው ጽሑፍ ነበረብኝ፤ የመንገዱም ርዝመት ታየኝ፤ «አንድ ምስክር ቢቀር ምን ይሆናል?» ብዬ ቀረሁ። ምን እንደሚሆን በኋላ ተነገረኝ። ዐቃቤ ሕጉ ሦስተኛ ምስክሬ ሳይሰማ አላልፍም አለ፤ ቀጠሮው በ23 ቀን ተራዘመ። ሰውየው እነዚያን ቀናት የቆጠረው እስር ቤት ሆኖ ነው።

ኅዳር ላይ ሄድኩ። ተከሳሹ ቤተሰቦቹ የመጀመሪያውን ቀይ ቡና ሸጠው በዋስ አስወጥተውታል። እኔ ደርሼ ዳኛው የሉም፤ ለስብሰባ ሄደዋል። በዚያ ግቢ እንዲያው ቁጭ ብዬ የዋልኩበት ቀን ግን ከማንኛውም ችሎት ይልቅ አስተምሮኛል። ዝናቡ ኅዳርም ሆኖ አልለቀቀም፤ ያ አገር ሲዘንብ ሌላ ሥራ ያለው አይመስልም። በቆርቆሮው ጥላ ሥር ሰላሳ የሚሆን ሰው ተደርድሯል። አብዛኛው እንደ እኔ ምስክር ነው። የላም ስርቆት ያየ፣ የአጥር ማቃጠል የሰማ፣ ሌሊት ኡኡታ ሰምቶ የወጣ። የቡና ለቀማ ወቅት ስለሆነ አንዲት ቀን መዋል ማለት የደረሰ ቡና መሬት ላይ ሲረግፍ ማደር ማለት ነው። አንዲት እናት ለአንድ የሌብነት ክስ አራተኛ ጊዜያቸው እንደሆነ ነገሩኝ። የተሰረቀው የእሳቸው ንብረት አይደለም። «ባላየሁ ይሻለኝ ነበር» አሉ፣ እየሳቁ። አጠገባቸው የተቀመጡትም ሳቁ፤ እኔ ግን ጥቅምት ትዝ አለኝና አልሳቅሁም። በአባቶቻችን ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው ዳኛ ፍለጋ ይሄዱ ነበር። ዛሬ የተቋጠረው ምስክሩ ነው እንጂ ቋጠሮው የቀረ አልመሰለኝም።

ለታኅሣሥ ተቀጠረ። ከችሎቱ በፊት በነበረው ምሽት ሦስት ሽማግሌዎች አክስቴ ቤት መጡ። ቡና ተፈላ። ሁለቱን የአጎት ልጆች በጃርሱማ አስታርቀው ጨርሰዋል፤ የሕክምናው ወጪ ተከፍሏል፣ ለቁስሉም ካሣ ተቆርጧል፣ ወሰኑም በሰው ፊት ተለክቷል። (ጨፌ ኦሮሚያ የባህል ፍርድ ቤቶችን በአዋጅ ቁጥር 240 ዕውቅና የሰጣቸው በ2013 ዓ.ም. ነው፤ በዚያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ የያዙት ሥልጣን ሽበታቸው ብቻ ነበር።) በዕድሜ የሚበልጡት፣ አክስቴ እየተረጎመችላቸው፣ ረጋ ብለው ተናገሩ።

«ልጄ፣ አንተ ነገ ወደ አገርህ ትገባለህ። እነዚህ ግን ከአንድ ምንጭ ነው የሚቀዱት። አላየሁም በልና ይለቅ።»

መልስ አልሰጠሁም። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ አክስቴ «አንተ ልጅ፣ ሽማግሌ አታሳፍር» አለችኝ። እንቅልፍ አልወሰደኝም። እውነቱ ከፈረምኩት ቃል ይልቅ ለሽማግሌዎቹ ልመና ይቀርባል፤ ግን ልመናቸውን አይደለም። አላየሁም ብል ውሸት ነው፤ አይቻለሁና። በዱላ ሲመታው አየሁ ብልም ውሸት ነው። ያየሁትን ብቻ ብናገር ደግሞ ገንዘብ በልቶ ቃሉን አጠፈ መባሌ ነው።

ማግስቱን ማልኩ። ፍርድ ቤት ያልቆመ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ምስክር የሚናገረው በዳኛው እስክሪብቶ ፍጥነት ነው። አንዲት ዓረፍተ ነገር ትላለህ፣ አስተርጓሚው ይመልሳታል፣ ዳኛው በእጃቸው ይጽፏታል፣ አንተ ዝም ብለህ ትቆማለህ። በዚያ ዝምታ ውስጥ የራስህ ቃል ተመልሶ ያይሃል።

«ዱላውን ሲያነሣ አየሁ። መኪና ከለለኝ። ሲወድቅ አላየሁም፤ ወድቆ አየሁት።»

ዐቃቤ ሕጉ ቀድሞ የሰጠሁትን ቃል አነበበ። ፊርማው የእኔ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ የእኔ ነው አልኩ። ታዲያ እውነቱ የቱ ነው? የዛሬው። ለምን ፈረሙ ታዲያ? ስለቸኮልኩ። ከዚያ የፈራሁት ጥያቄ መጣ።

«ሽማግሌ አነጋግሮዎታል?»

«አዎ።»

«ምን አሉዎት?»

ሦስቱም ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ምያለሁ።

«አላየሁም በል አሉኝ።»

አስተርጓሚው ጥቂት ቆይቶ ነው የመለሰው። ዳኛው ጻፉ። ያ ሁሉ ሰው ዘወር ብሎ ሽማግሌዎቹን አየ፤ እነሱ መሬት መሬት ያያሉ። እርቃቸው በጎ ሥራ እንደነበረ ዛሬም አምናለሁ። ችሎት ፊት ግን የወንጀለኛ ፊት አስይዤአቸዋለሁ። ስወጣ ሰላምታ አልሰጡኝም፤ አክስቴንም ለረጅም ጊዜ አኩርፈዋት ነበር።

ከግቢው ውጭ ተከሳሹ ጠራኝ። ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ባለች ሻይ ቤት አስቀመጠኝና ሻይ አዘዘ። አማርኛው ትንሽ ነው፣ የእኔ ኦሮምኛ ከዚያም ያንሳል። ስለ ዱላው ምንም አላነሣም። ሻዩን ጠጥቶ ሲጨርስ ብቻ፣ «ጥቅምት ቀረህ» አለኝ። ጥያቄ አልነበረም። አዎ አልኩት። ሒሳቡን ልከፍል ኪሴ ስገባ እጄን ያዘኝና ራሱ ከፈለ።

ጥር ላይ አክስቴ ደወለች። ፍርድ ቤቱ በዱላ መመታቱ አልተረጋገጠም ብሏል፤ የቀረው በግል አቤቱታ የሚታይ ነው፣ ተበዳዩም አቤቱታውን አንሥቷል። መዝገቡ ተዘግቶ ወደ መዝገብ ቤት ተመልሷል። ስለ 23ቱ ቀን በብይኑ ውስጥ የተጻፈ ነገር የለም።