ቧንቧውና አዳራሹ

ሙዚቃ የምንደርስ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የምንጨነቀው ድምፅ እንዴት እንደሚነሣ እንጂ እንዴት እንደሚያልቅ አይደለም። እኔም በዚህ ስሕተት ውስጥ ለብዙ ዘመን መኖሬን የተረዳሁት፣ የኖታን ፊደል ያስቆጠሩኝ መምህሬ ባረፉ ጊዜ፣ ለመታሰቢያቸው ይሆን ዘንድ ለባለ ቧንቧ ኦርጋን አንዲት አጭር ድርሰት ለማዘጋጀት በተነሣሁበት ወቅት ነው።

ኦርጋኑን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አልነበረም። መምህሬ በወጣትነታቸው ለትምህርት አውሮፓ ሳሉ በአንድ የድንጋይ ካቴድራል ውስጥ የሰሙትን የዚህን መሣሪያ ድምፅ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ያወሱት ነበር። «ተጫዋቹ እጁን ካነሣ በኋላ ሙዚቃው ገና መንገድ ላይ ነበር» ይሉን ነበር። እኔ እንዲህ ያለውን መሣሪያ በአቅራቢያዬ ስለማላገኝ፣ ድርሰቱን የሠራሁት ከእውነተኛ ቧንቧዎች አንድ በአንድ በተቀዱ ድምፆች፣ በኮምፒዩተር የሙዚቃ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ነው። ግርማ እንዲኖረውም ማስተጋባቱን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግሁት።

ሥራውን በመጀመሪያ ያሰማሁት የመምህሬ የሥራ ባልደረባ ለነበሩ አንድ አዛውንት ነው። ዐይናቸውን ጨፍነው አዳመጡና፣ «ልጄ፣ ይህን ኦርጋን የት አስቀምጠህ ነው የምታጫውተው?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አጣሁ። «ድምፁ ትልቅ ነው፤ ቦታ ግን የለውም። ጭጋጉን አንሣውና ከሥሩ ምን እንዳለ እንስማ» አሉኝ። ጭጋጉ ሲነሣ፣ የመካከለኞቹ ድምፆች አካሄድ የላላ፣ የባሱ መስመርም ያልታሰበበት ሆኖ ተገኘ። የእርሳቸውን መታሰቢያ በልባስ አሳምሬ ላቀርብ ኖሯል!

ነገሩን ከሥሩ ለመመርመር ወደ ታሪኩ ተመለስኩ። እ.ኤ.አ. በ1895 በአሜሪካ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ወጣት የፊዚክስ መምህር የነበረው ዋላስ ሳቢን፣ በፎግ የሥነ ጥበብ ሙዚየም የነበረውን፣ ንግግር በቅጡ የማይደመጥበትን አዳራሽ እንዲያሻሽል ተጠየቀ። ዋና መሣሪያው አንድ የኦርጋን ቧንቧ ነበር። ከተማው ጸጥ በሚልበት ሌሊት ቧንቧውን ያስጮኽና ድምፁ ጨርሶ እስኪጠፋ የሚወስደውን ጊዜ ይለካል። በባዶው አዳራሽ ድምፁ ከ5 ሴኮንድ በላይ ይቆይ ነበር፤ ከሌላ ቲያትር ቤት የመቀመጫ ትራሶች እያመጣ በደረደረ ቁጥር ግን ያጥራል። ከዚህም በመነሣት፣ የማስተጋባት ጊዜ በአዳራሹ ስፋት መጠን እንደሚረዝም፣ ድምፅን በሚመጡ ነገሮች ብዛት መጠን ደግሞ እንደሚያጥር በሒሳብ ደነገገ። በ1900 የተከፈተው የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ በዚሁ ዕውቀት የታነጸ ነው።

በዛሬው ጊዜ የአዳራሹን ጠባይ ራሱን መቅዳት ይቻላል። በውስጡ አጭር ፍንዳታ፣ ወይም ከወፍራሙ ድምፅ ተነሥቶ እስከ ቀጭኑ የሚወጣ ፉጨት ይለቀቅና ምላሹ ይቀዳል። ኮምፒዩተሩም ኮንቮሉሽን በተባለው ስሌት የዚያን ቦታ አሻራ በእያንዳንዱ ኖታ ላይ ያትመዋል። ተመራማሪዎች በ2013 በፓሪሱ ኖትር ዳም ካቴድራል ያደረጉት ልኬት፣ ሕንፃው በ2019 በእሳት በተጎዳ ጊዜ፣ ቀድሞ እንዴት ያስተጋባ እንደነበር የሚመሰክር ሰነድ ሆኖ ተገኝቷል።

ይህን ከተማርኩ በኋላ ሥራዬን እንደገና ጀመርኩ። በመጀመሪያ የተረዳሁት፣ የተጠቀምኩባቸው ድምፆች ሲቀዱ የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን ማስተጋባት ይዘው የመጡ መሆናቸውን ነው፤ በካቴድራል ላይ ካቴድራል ጭኜ ነበር። ስለዚህ ከቧንቧዎቹ አጠገብ በተቀዱ ደረቅ ድምፆች ተካኋቸው። ቀጥሎም የአድማጩን መቀመጫ ወሰንኩ፦ ቀጥተኛው ድምፅ ይቀድማል፤ ከግድግዳና ከጣሪያ የሚመለሱት የመጀመሪያ ነጸብራቆች ይከተላሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ረጅሙ ጅራት የሚመጣው። አየር ቀጭኑን ድምፅ ፈጥኖ ስለሚውጠው፣ ድንጋይም ወፍራሙን ስለሚያቆየው፣ ጅራቱ እየራቀ ሲሄድ እንዲጨልም አደረግሁ። የኦርጋን ቧንቧዎችም ሁሉም በአንድ ነጥብ የቆሙ ስላልሆኑ፣ በእግር ለሚመቱት ታላላቅ ቧንቧዎችና በእጅ ለሚመቱት ለየብቻ ስፍራ ሰጠኋቸው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ድርሰቱ ገና አልቀናም። ምክንያቱ በማሽኑ ሳይሆን በእኔ ዘንድ ነበር። ድምፅ 6 ሴኮንድ በሚቆይበት ሕንፃ ውስጥ በየሴኮንዱ ስምምነት መለዋወጥ፣ አንዱ ተናጋሪ ሳይጨርስ ሌላውን እንደ ማስጮኽ ነው። ስለሆነም ፍጥነቱን ቀነስኩ፤ ባሱን አሳሳሁ፤ በየአንቀጹ ፍጻሜም ሙሉ ዕረፍት አኖርኩ። በዕረፍቱ ውስጥ ብቻውን የሚሰማው ጅራት የሰራሁትን ሁሉ ወደ ጆሮዬ ስለሚመልስ፣ የላላው አካሄድ መሸሸጊያ አጣ። አሥር ጊዜ ያህል አርሜ ጻፍኩት።

ድርሰቱን ዳግመኛ ሳሰማቸው አዛውንቱ የመጨረሻው ድምፅ ፈጽሞ እስኪጠፋ ሳይናገሩ ቆዩ። ከዚያም፣ «አሁን ከበሩ አጠገብ ቆሜያለሁ፤ ኦርጋኑም ከፊቴ ከፍ ብሎ ነው» አሉኝ።

ማስተጋባት በድርሰት ላይ የሚደረብ ካባ አይደለም፤ የመሣሪያው ሌላው ግማሽ ነው። ደራሲ ቧንቧውን ብቻ ሳይሆን አዳራሹንም አብሮ መጻፍ አለበት። መምህሬ መንገድ ላይ ነበር ያሉት ሙዚቃ ምን እንደሆነ የገባኝ እርሳቸው ካለፉ በኋላ መሆኑ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።